ሰደፉ ላይ አክሊል፣ አፈሙዙ ላይ «314½ ኦክስፎርድ ስትሪት»፦ ይህ ሾትገን የየትኛው ሎርድ ነበር?

የእንጨት ሰው (ሊድስ)፦

ሰላም ለቤቱ። አሮጌ የእንጨትና የቆዳ ዕቃ እያደስኩ ነው የምኖረው። ሰሞኑን አንድ እንግሊዛዊ ደንበኛ የጠመንጃ ሳጥን አመጣልኝ። ውስጡ የኦክ እንጨት ነው፣ ላዩ ወፍራም ቆዳ፣ ማዕዘኖቹ ናስ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ስፌቱ ተፈቷል። ሳጥኑን ለመለካት ቤቱ ስሄድ ጠመንጃውን አሳየኝ። ፈቃዱ የተሟላ ነው። እኔ ጋ ያለው ሳጥኑ ብቻ ነው፣ እንዳትሰጉ።

ጠመንጃው ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። መዶሻዎቹ ከውጭ ይታያሉ። አፈሙዙን ብርሃን ላይ ስታዞረው የውኃ ሞገድ የመሰለ ነገር ይታይበታል። ከላይ «ፐርዲ፣ 314½ ኦክስፎርድ ስትሪት፣ ለንደን» ይላል። በወርቅ የተቀረጸች «2» አለች። ከሰደፉ ሥር ደግሞ ሞላላ ሳህን ላይ አክሊል አለ። ከአክሊሉ በታች የነበረው ጽሑፍ በእጅ ብዛት ጠፍቷል።

የሰውየው ቅድመ አያት የአደን ጠባቂ ነበሩ። በቤተሰቡ ወሬ መሠረት ጠመንጃው የሎርድ ሪፖን ነበር፤ ጌታው ለጠባቂው በስጦታ ሰጠው ይላሉ። ሰውየው ሊሸጠው ያስባል። እኔ ግን ዋጋው ሳይሆን ታሪኩ ነው ያጓጓኝ። ሎርድ ሪፖን ማን ነው? ወሬውስ እውነት ይሆን?

ባለ ቃታ (ለንደን)፦

ወንድሜ፣ ግማሹን መልስ ራስህ ጽፈኸዋል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው።

ፐርዲ የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ቤት ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1814 ነው። 314½ ኦክስፎርድ ስትሪት ከ1826 ጀምሮ እስከ 1880ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሱቁ ነበር። ከዚያ ወደ ሳውዝ ኦድሊ ስትሪት ተዛወረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ስለዚህ አፈሙዙ የመጀመሪያው ከሆነ ጠመንጃው ከዝውውሩ በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው።

ሞገዱ «ደማስቆ» የሚባለው አሠራር ነው። የብረትና የፎላድ ዘንጎች አንድ ላይ ይጠመዘዛሉ፤ ከዚያ በእሳት እየጋሉ በዘንግ ላይ እየተጠቀለሉና እየተቀጠቀጡ ቱቦ ይሆናሉ። በኋላ ዊትወርዝ የሚባለው በግፊት የታመቀ ፎላድ ሲመጣ ደማስቆ ቀስ በቀስ ቀረ።

«2» የምትለዋ ቁጥር ደግሞ ዋናዋ ነገር ናት። ብቻውን የተሠራ ጠመንጃ እንዲህ ያለ ቁጥር አይጻፍበትም። ሁለት ካለ አንድ አለ። ሦስትም ሊኖር ይችላል። በክብደት፣ በሚዛን፣ በሰደፍ ርዝመት አንድ ዓይነት ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህን የሚያዝዘው ድሃ አይደለም።

ሳጥኑ እጅህ ላይ ስላለ አንድ ነገር እይልኝ። የጠመንጃ ቦታው ስንት ነው?

የእንጨት ሰው፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ቦታው ለሁለት ጠመንጃ ነው፤ አንደኛው ባዶ ነው። ቀዩ ጨርቅ በሁለቱም በኩል እኩል ነው የተበላው። ለጌጥ የተሠራ አይደለም፣ ሁለቱም ብዙ ገብተው ወጥተዋል።

ታሪክ ወዳዷ፦

ሎርድ ሪፖንን ልንገርህ፤ ከሊድስ ወደ ሰሜን ብዙም ሳትርቅ ነው ቤቱ የነበረው።

ፍሬድሪክ ኦሊቨር ሮቢንሰን ይባላል። በ1852 ተወለደ፣ በ1923 ሞተ። አባቱ ከ1880 እስከ 1884 የሕንድ እንደራሴ ነበሩ። ርስታቸው ስታድሊ ሮያል ነው። የፋውንቴንስ አቢ ገዳም ፍርስራሽ ያለበት ያው ግቢ፣ ዛሬ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው። ሚስቱ ሌዲ ግላዲስ ደግሞ የኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ትልቅ ደጋፊ ነበረች። እሷ ለሙዚቃ፣ እሱ ለወፍ።

ለወፍ ስል አላጋነንኩም። የገደለውን ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ከ1867 እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ያለው ድምር 556,813 ነው። ከዚህ ውስጥ ፌዛንት የሚባለው ወፍ ብቻ ከሁለት መቶ ሺህ ይበልጣል። ሕንድ ሄዶም ነብርና አውራሪስ ጨምሮበታል።

አሟሟቱም እንደ ኑሮው ነው። መስከረም 22 ቀን 1923 ዳሎውጊል የሚባል ተራራማ ሜዳ ላይ እያደነ ነበር። ያን ቀን 52ኛ ወፉን ጥሎ እዚያው ወድቆ ሞተ። ልጅ አልነበረውም፤ ማዕረጉም ከእሱ ጋር አከተመ። ትልቁ ቤት በ1946 ተቃጠለ።

ሾላ ገበያ (አዲስ አበባ)፦

ግማሽ ሚሊዮን?! እናንተ፣ ይሄ አደን ነው ወይስ እህል መውቃት? ሰውየው እንቅልፍ ይተኛ ነበር?

ባለ ቃታ፦

ሾላ፣ ጥያቄህ ቀልድ ቢመስልም መልስ አለው። መልሱም ጠመንጃው ለምን እንዲህ እንደተሠራ ያስረዳል።

እኛ አደን ስንል አዳኙ ይሄዳል፣ አውሬው ይሸሻል። የእነሱ ተገላቢጦሽ ነው። አዳኙ ይቆማል፣ ወፉ ይመጣለታል። አባራሪዎች በዱላ ቁጥቋጦውን እየመቱ ወፉን ያስነሱና በመኳንንቱ አናት ላይ እንዲበር ያደርጉታል። ወፉ በፍጥነትና በከፍታ ያልፋል። ያለህ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ሌላ መንጋ ይመጣል።

በጥንቱ ከአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ይህ አይሞከርም። ባሩድ ታፈሳለህ፣ ጨርቅ ትወትፋለህ፣ እርሳሱን ትጨምራለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ። ወፉ ሄዷል። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የፈረንሳዩ ሌፎሾ ከኋላ ተሰብሮ የሚጎርስ ጠመንጃ ካሳየ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። የለንደን ባለሙያዎች ሐሳቡን ወስደው አሻሻሉት። ፐርዲ በ1863 የፈጠረው መቀርቀሪያ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል።

ከዚያ ሁለትና ሦስት ጠመንጃ መያዝ መጣ። ጌታው ይተኩሳል፣ ባዶውን ወደ ኋላ ይሰጣል፣ ጥይት አጉራሹ የተሞላውን ያቀብለዋል። ሪፖን በሦስት ጠመንጃና በሁለት አጉራሽ ነበር የሚተኩሰው። በአንድ ወቅት ሰባት ወፍ ሞቶ ገና መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ታየለት ይባላል። የንጉሣዊው ቤተሰብ ርስት በሆነው ሳንድሪንግሃም ደግሞ በአንድ ደቂቃ 28 ፌዛንት ጣለ ይባላል። ማታ ማታ ከአጉራሾቹ ጋር ቤት ውስጥ መቀባበል ይለማመድ እንደነበርም ይወራል። እኔ ይህን አምናለሁ። ያለ ልምምድ ሦስት ሰው በስድስት እጅ ሦስት ጠመንጃ ሲቀባበል ጣት ነው የሚቆረጠው።

ታዲያ ሦስቱ ጠመንጃዎች በክብደትም በሰደፍም ትንሽ ቢለያዩ ዓላማው ሁሉ ይበላሻል። ለዚህ ነው «1»፣ «2»፣ «3» ተብለው በአንድ ልክ የሚሠሩት። ባለሙያው የደንበኛውን ክንድ፣ አንገትና ትከሻ እንደ ልብስ ሰፊ ይለካዋል። ሰደፉ ከቀጥታው ትንሽ ወደ ጎን የሚያዘነብለው ዓይን መሐል ላይ እንዲወድቅ ነው። የአንዱ ሎርድ ጠመንጃ ለሌላው አይመችም።

የገበሬ ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ይሄ ሁሉ አድናቆት አልገባኝም። አባራሪው ማን ነበር? ጭሰኛው ነው። ጥንቸሉ የማንን እህል በላ? የጭሰኛውን። እስከ 1880 ድረስ የእንግሊዝ ተከራይ ገበሬ በገዛ እርሻው ላይ ሰብሉን የሚበላውን ጥንቸል እንኳ የመግደል መብት አልነበረውም፤ ባለ ርስቱ ለራሱ ካስቀረው በቃ ነው። ያን ዓመት የወጣው ሕግ ነው መብቱን የሰጠው። ከዚያ በፊት በ1828 የወጣው ሕግ ደግሞ በሌሊት አደን ደጋግሞ የተያዘን ሰው በመርከብ ጭኖ ባሕር ማዶ እስከ ማጋዝ ይደርስ ነበር።

ለሾርባ አንዲት ጥንቸል የያዘ ይጋዛል፤ ግማሽ ሚሊዮን የገደለ ሲሞት ጋዜጣ ያወድሰዋል። ጠመንጃው ቆንጆ ሊሆን ይችላል። የተተኮሰበት ሜዳ ግን የማን እንደነበር አትርሱ።

ታሪክ ወዳዷ፦

የገበሬ ልጅ፣ ትክክል ነህ። ራሳቸውም የሸከካቸው ቀን ነበር። ታኅሣሥ 18 ቀን 1913 ሆል ባርን የሚባል ርስት ላይ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን ጨምሮ ሰባት ተኳሾች በአንድ ቀን ከ3,900 በላይ ፌዛንት ገደሉ። ሲመለሱ ንጉሡ ለልጃቸው ዛሬስ ትንሽ ሳናበዛው አልቀረንም እንዳሉ ይነገራል። ትንሽ!

ገንዘቡም ቀላል አልነበረም። ፌዛንት የዱር ወፍ ይምሰል እንጂ በጠባቂ እጅ የሚፈለፈልና የሚቀለብ ነው። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ በራሳቸው ይቀልዱ ነበር፤ ሲነሳ አንድ ጊኒ፣ ሲተኮስ ፔኒ ተኩል፣ ሲወድቅ ግማሽ ክራውን ይላሉ። ጊኒ 21 ሽልንግ ነው፣ ግማሽ ክራውን ሁለት ሽልንግ ተኩል። ኪሳራውን አስሉት።

ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ርካሽ ስንዴ ሲገባ የእርሻ ኪራይ ወደቀ። በ1894 የውርስ ግብሩ ጠነከረ። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ወራሾች አለቁ። ርስቱ ሲሸጥ ጠመንጃውም አብሮ ተሸጠ። «1» አንድ አገር፣ «2» ሌላ አገር የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቨርጂኒያ ነኝ፦

ሰላም ከወዲህ ማዶ። እኔ አሮጌ ጠመንጃ እሰበስባለሁ፤ ፐርዲ ግን አቅሜ አይደለም።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። አክሊሉን በደንብ አየኸው? የእንግሊዝ አክሊል እንደ ማዕረጉ ይለያያል። ስንት ሉል፣ ስንት ቅጠል አለው?

የእንጨት ሰው፦

ደወልኩለትና ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አራት ሉል ይታያል። ቅጠል የለውም። ሉሎቹም ክብ ቀለበቱ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ከፍ ያለ ጫፍ ላይ አይደሉም።

ቨርጂኒያ ነኝ፦

እንግዲያው ነገሩ ተበላሸ! ወይም አማረ።

በሥዕል ላይ የማርኳስ አክሊል ሦስት ቅጠልና ሁለት ሉል ያሳያል። የኧርል ደግሞ አምስት ሉል በረጃጅም ጫፎች ላይ፣ በመካከላቸው ቅጠል። አራት ሉል ብቻ፣ ያለ ቅጠል፣ የባሮን ነው። የመጨረሻው የሎርድነት እርከን። ሪፖን ባሮን ተብሎ የሚጠራ ሰው አልነበረም።

ታሪክ ወዳዷ፦

ኧረ ቆይ! የማዕረጉን ታሪክ ተከተሉኝ፤ ትንሽ ያደናግራል።

ፍሬድሪክ ሮቢንሰን ማርኳስ ሪፖን የሆነው በ1909 አባቱ ሲሞቱ ነው። ከ1871 እስከ 1909 ድረስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኧርል ደ ግሬይ ብሎ ነው። ስለዚህ በ1870ዎቹ ጠመንጃ ቢያዝ ኖሮ በመዝገቡ የሚጻፈው «ደ ግሬይ» እንጂ «ሪፖን» አይደለም። በዚያ ዘመን «ሎርድ ሪፖን» ከተባለ አባትየው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የፖለቲካ ሰው ናቸው።

አሁን ደስ የሚለው ይመጣል። በዚያው ዘመን ከደ ግሬይ ጋር ማን ይበልጣል እየተባለ የሚነጻጸር ሌላ ተኳሽ ነበር፤ ሎርድ ዎልሲንግሃም። ስድስተኛው ባሮን። ባሮን አላልኳችሁም? የቤተሰቡ ስም ምን መሰላችሁ? ቶማስ ደ ግሬይ!

ሁለት ደ ግሬይ። አንዱ በማዕረግ፣ አንዱ በትውልድ። ዝምድናቸውን ተዉት። ሁለቱም የፐርዲ ደንበኞች፣ ሁለቱም ዮርክሻየር ውስጥ ያድኑ ነበር።

ሾላ ገበያ፦

ይሄ ነገር ተከታታይ ድራማ ሆነ። ዎልሲንግሃም ደግሞ ስንት ገደለ?

ታሪክ ወዳዷ፦

በአንድ ቀን 1,070 ግራውስ የሚባል የደጋ ወፍ። ብቻውን።

ነሐሴ 30 ቀን 1888፣ ብላበርሃውስ በሚባል የዮርክሻየር ደጋ ላይ። ከንጋት እስከ ምሽት ሁለት ቡድን አባራሪ እየተፈራረቀ ወፉን ወደ እሱ ይነዳ ነበር። አራት ጠመንጃና ሁለት አጉራሽ ይዞ ከ1,500 በላይ ጥይት ተኮሰ።

ሰውየው ግን አስገራሚ ነው። በሌላ በኩል ሳይንቲስት ነበር፤ የሮያል ሶሳይቲ አባል። ጥቃቅን የእሳት ራት ነበር የሚያጠናው፤ በሚሊሜትር የምትለካዋን። ከ260,000 በላይ ናሙና ሰብስቦ በ1910 ለንደን ላለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አስረከበ። ዛሬም ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። በአንድ እጁ ሺህ ወፍ የሚጥል፣ በሌላው የእሳት ራት ክንፍ በመርፌ የሚዘረጋ ሰው ነው።

ገንዘብ ግን አልበረከተለትም። ለንደን ፒካዲሊ ላይ የነበረው ዎልሲንግሃም ሃውስ ዛሬ ሪትዝ ሆቴል የቆመበት ቦታ ነው። ርስቱ ተሸጠ፤ ሰውየው ኑሮውን ውጭ አገር አደረገና በ1919 ሞተ።

የእንጨት ሰው፦

እንግዲህ እንቅልፍ የለም! ዎልሲንግሃም ነው ማለት ነው?

ባለ ቃታ፦

ቀስ በል ወንድሜ። አክሊሉ ባሮን ይላል። ባሮን ግን በዚያን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። ሀብታም የሆነ ሁሉ ደግሞ ፐርዲ ያዝዝ ነበር። አክሊሉ የነገረን ወሬው በሪፖን ላይ እንደማይቆም ብቻ ነው። ዎልሲንግሃም ነው አላለንም።

ሳህኑም ራሱ ከሰደፉ ጋር ሊቀየር ይችላል። ሁለተኛ ገዢ የራሱን አርማ ማስቀረጽ ቀላል ነው። ሳጥኑም እንደዚሁ፤ የፐርዲ ወረቀት የተለጠፈበት ባዶ ሳጥን ተገዝቶ ሌላ ጠመንጃ ሲገባበት አይቻለሁ።

የማይዋሸው ተከታታይ ቁጥሩ ነው። የምላጩ መከለያ ብረት ላይ ወይም ተሰብሮ ሲከፈት ውስጡ ላይ ታገኘዋለህ። አፈሙዙም ላይ ያው ቁጥር መኖር አለበት። ፐርዲ የድሮ መዝገቦቹን ይዟል። ቁጥሩን ከሰጠሃቸው መቼ እንደተሠራ፣ ለማን እንደተሠራ፣ ከነማን ጋር ጥንድ እንደሆነ በክፍያ ፈልገው ይጽፉልሃል። ያ ወረቀት የሌለው «የሎርድ እገሌ» የሚባል ጠመንጃ በጨረታ ቤት ወሬ ነው። ያለው ደግሞ ዋጋው በብዙ ይሰቀላል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የሚሸጠው ስሙ ነው።

አፈሙዙን አስፈትቶ ሥሩን ማየትም ያስፈልጋል። እዚያ የፍተሻ ማኅተም አለ። በእንግሊዝ ማንኛውም ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከመጠን በላይ በሆነ ባሩድ ተተኩሶ ይፈተናል፤ ለንደን ውስጥ በ1637 የተቋቋመው የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር፣ በርሚንግሃም ደግሞ ከ1813 ጀምሮ ያለው የፍተሻ ቤት። ማኅተሞቹ በየዘመኑ ስለተቀያየሩ እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላሉ። ለምሳሌ «ኖት ፎር ቦል» የሚል ካለ ከ1875 እስከ 1887 ባለው ጊዜ ነው። ጫፉ ጠበብ ያለ አፈሙዝ ነውና ድፍን እርሳስ አትተኩስበት ማለታቸው ነው።

አቡጊዳ (ሊድስ)፦

ሊድስ ሲነሳ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ያረፈው እዚሁ ሄዲንግሊ ነው፣ በ1879። ይሄ ሁሉ ሎርድ እዚህ ወፍ በሚያወርድበት ዘመን የእኛ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ታሞ ተኝቶ ነበር። አስከሬኑ ዊንዘር ነው፤ ዛሬም አልተመለሰም።

አወያይ፦

አቡጊዳ፣ ልክ ብለሃል፤ የልዑሉ ጉዳይ ግን የራሱ ክር አለው፣ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ ወደ ጠመንጃው እንመለስ። በግል መልእክት «እኔ ልግዛው» የምትሉ ደግሞ አቁሙ። ይህ መድረክ የጦር መሣሪያ መሸጫ አይደለም።

ሾላ ገበያ፦

እኔ አልልክም! ግን ልጠይቅ፤ ጥንታዊ ከሆነ ፈቃድ ለምን ያስፈልገዋል? ግድግዳ ላይ ቢሰቀልስ?

ባለ ቃታ፦

በእንግሊዝ ሕግ ጥንታዊነት በዕድሜ ብቻ አይወሰንም። ጥይቱ ዛሬ ገበያ ላይ ይገኛል ወይ ነው ጥያቄው። ይሄ ጠመንጃ በተለመደው 12 ቁጥር የአፈሙዝ ስፋት የተሠራ ከሆነ ጥይቱ የትም ይሸጣል። ስለዚህ መቶ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም የሾትገን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከአፈሙዝ የሚጎርስ ቢሆን ለጌጥ ብቻ ማስቀመጥ ይቻል ነበር።

ቨርጂኒያ ነኝ፦

እዚህ አሜሪካ በተቃራኒው ነው። በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ይባላል። የግዛቶቹ ሕግ ግን ይለያያል፤ በፌዴራሉ ብቻ ተማምኖ የሚንቀሳቀስ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። አገር ቤት ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁም በ2012 በእኛ አቆጣጠር የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177 አለ። ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ዕድሜው ሰበብ አይሆንም።

የገበሬ ልጅ፦

እኔ አሁንም በሐሳቤ ነኝ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጥላቻዬ ለጌቶቹ እንጂ ለሠሪዎቹ አይደለም። ይህን በእጁ የሠራው ማን ነው? የሱ ስም የትም የለም?

ባለ ቃታ፦

ጥሩ ጥያቄ። ስማቸው ተደብቋል እንጂ አለ። አፈሙዝ የሚሠራው፣ ማሽኑን የሚሠራው፣ ሰደፍ የሚያወጣው፣ ጌጡን የሚቀርጸው፣ የመጨረሻውን ማለስለስ የሚሠራው የተለያየ ሰው ነው። በልጅነታቸው በተለማማጅነት ገብተው እዚያው የሚያረጁ። ጠመንጃው ሲፈታ ማንም በማያየው ቦታ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት ትተው ታገኛለህ።

አንዳንዱም ከገዛ አሠሪው ቀድሞ ነበር። ፍሬድሪክ ቢዝሊ የፐርዲ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ወጥቶ የራሱን ሥራ ከጀመረ በኋላ መዶሻው በውስጥ የተደበቀ፣ በራሱ የሚከፈት ጠመንጃ ፈጠረ፤ በ1880 የፈጠራ መብቱን አወጣ። መብቱን ለፐርዲ ሸጠላቸው። ዛሬም ፐርዲ ጎን ለጎን ያሉትን ጠመንጃዎች የሚሠራው በእሱ ሥርዓት ነው። ዓለም ግን «ፐርዲ» ነው የሚለው።

የሚገርመው፣ ይህ አዲስ ነገር ከመጣ በኋላም ደ ግሬይ (በኋላ ሪፖን የሆነው) መዶሻው ውጭ ያለውን አልተወም። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛም እንዲሁ። እጃቸው የለመደውን አልቀየሩም። ስለዚህ «መዶሻ ካለው የድሃ ጠመንጃ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ።

የእንጨት ሰው፦

ሰደፉን አይቼው ነበር። ዋልነት ነው፤ የእንጨቱ ጅማት እጀታው ላይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ወደ ኋላ ሲሰፋ ነው የሚዞረው። እንጨቱን የመረጠው ሰው ያውቅበታል። እጀታው ላይ የሚዞር ጅማት ቢኖር በተኩሱ ግፊት ይሰነጠቅ ነበር።

ለደንበኛዬ የጻፋችሁትን በሙሉ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ስለ አክሊሉ ሲሰማ ትንሽ ከፋው፤ አያቱ የነገሩት ነገር ነዋ። ቁጥሩን ግን ለፐርዲ ሊልክ ተስማምቷል። ሌላ ጥያቄ ደግሞ አነሳ፤ ከመሸጡ በፊት አንድ ሁለት ጥይት ሊተኩስበት ይፈልጋል። ይቻላል?

ባለ ቃታ፦

ባለሙያ ሳያየው በፍጹም!

አንደኛ፣ ደማስቆው የተፈተነው ለጥቁር ባሩድ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ባሩድ ግፊቱ ሌላ ነው። ለአዲሱ ባሩድ እንደገና የተፈተነ ከሆነ ማኅተም ይኖረዋል፤ ከሌለው ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የአፈሙዙ ግድግዳ ይለካ። 12 ቁጥር ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ጥይት ሲወጣ የአንዱ ስፋት ነው፤ 18.5 ሚሊሜትር ገደማ። ዝገት ለማውጣት በየዘመኑ ውስጡ ሲፋቅ ስፋቱ ይጨምራል፣ ግድግዳው ይሳሳል። ግማሽ ሚሊሜትር ከደረሰ ባለሙያዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። የድሮዎቹ የጥይት ማጉረሻ አብዛኛውን ጊዜ 65 ሚሊሜትር ነው። የዛሬው ጥይት ብዙው 70። ችግሩ 70ው 65 ውስጥ ያለ ምንም ግፊያ መግባቱ ነው! ጥይቱ ላይ የተጻፈው ርዝመት ከተተኮሰ በኋላ አፉ ሲዘረጋ ያለው ነው። ሳይተኮስ አጭር ስለሆነ ይገባል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ይንራል። በብረት ፍንጣሪ የተሞላውን ጥይት ደግሞ ጭራሽ አያስጠጋው፤ የተሠራው ለለስላሳ እርሳስ ነው።

የእንጨት ሰው፦

በቃ፣ ተግባብተናል። እንዳይተኩስ እነግረዋለሁ። ሳጥኑን ለማደስ ስነሳስ ምን ልጠንቀቅ?

ቨርጂኒያ ነኝ፦

ወረቀቱን እንዳትነካ! ክዳኑ ውስጥ የተለጠፈውን የፐርዲ ወረቀት ቢቀደድም ቢጠቁርም ተወው። ቆዳው ላይ የስም ፊደላት ታትመው ሊሆን ይችላል፤ ቀለም ከመቀባትህ በፊት በጎን ብርሃን እየው። የባቡር ወይም የመርከብ ወረቀት ቅሪት ካለም አትፋቀው። ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ስም የሚያወጡት እነዚህ ናቸው። ባዶውን ቦታ ደግሞ እንዳትሞላው፤ የ«1» ባለቤት አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል።

የእንጨት ሰው፦

ያልከውን አደረግኩ። የእጅ ባትሪ በጎን አበራሁበት። ክዳኑ ላይ፣ ከመያዣው በታች፣ የታተሙ ሁለት ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ግማሹ ጠፍቷል። ሁለተኛው በእርግጠኝነት «ዋይ» ወይም «ቪ» የሚባለው የላቲን ፊደል ነው፤ ሹካ የመሰለው። «ደብልዩ»ም ሆነ «ጂ» አይደለም።

ታሪክ ወዳዷ፦

እንግዲያው ዎልሲንግሃምም ደ ግሬይም ከሳጥኑ ወጡ! የባሮኖቹን ዝርዝር ይዤ እመለሳለሁ። የመዝገቡ መልስ ሲመጣ እዚሁ ጻፍልን።